ከቆራሌው ማዳበሪያ የወጣ ጡሩምባ፦ አሮጌ የናስ ጡሩምባ የምን እንደሆነ እንዴት ይለያል?

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ቆራሌው በበራችን አለፈ። በማዳበሪያው ውስጥ የድስት ክዳን፣ የተሰበረ ቧንቧና አሮጌ ራዲያተር አለ። ከመሃላቸው አንድ የተጠማዘዘ ጡሩምባ ተወትፏል። ሰፊው አፉ ብቻ ወጣ ብሎ ይታያል። ልጁ ሊሸጠው ያሰበው በኪሎ ነው። መዳብና ናስ ጥሩ ያወጣሉ። ከሰዓት ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ማቅለጫ ይሄዳል። ከኪሎው ዋጋ ትንሽ ጨምሬ ወሰድኩት።

ቤት ገብቼ መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ስህተት ነበር። ሎሚ ቆርጬ በጨው ማሸት ጀመርኩ። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቦታ እንደ አዲስ ሳንቲም ስታበራ ደስ አለኝ። ወዲያው አጠገቧ የተጫረ ነገር አየሁ። ቁጥር ይመስላል። ሎሚውን አስቀመጥኩ። ያ ጭረት የሚነበበው ውስጡ በተጠራቀመው ጥቁር ነው። ትንሽ ብቀጥል ኖሮ ጥቁሩ ይወጣ ነበር፣ ጽሑፉም አብሮት ይጠፋ ነበር። የጡሩምባውን ግማሽ ታሪክ በኋላ የነገረኝ ያ ቁጥር ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ ሰው አሮጌ ጡሩምባ አግኝቶ «ይሄ የምን ይሆን?» ሲል ሰምቻለሁ። አንዱ ከአያቱ ቆጥ ላይ አውርዶታል፣ ሌላው ከምናለሽ ተራ ገዝቶታል፣ ሌላዋ ለንደን እሁድ ገበያ ላይ አይታዋለች። መልሱን ለማግኘት የሚያስፈልገው ውድ ዕቃ አይደለም። የስልክ መብራት፣ ማግኔት፣ ሜትር፣ ክር፣ ነጭ ወረቀትና እርሳስ ካላችሁ ይበቃል። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ሌላ ካላልኩ በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. አትወልውሉት

ሎሚ፣ ጨው፣ አመድ፣ አሸዋ፣ የብረት ሽቦ፣ የናስ መወልወያ ክሬም፣ አንዱም አይንካው። ቡናማው ወይም ጥቁሩ ቆዳ ቆሻሻ አይደለም፤ ዓመታት ያለበሱት ነው። ማህተሙንና ጭረቱን ጎልቶ የሚያሳያችሁ እሱ ነው። ዕድሜው እውነተኛ ለመሆኑም አንዱ ምስክር ነው።

በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ብቻ አንሱ። ከዚያ ፎቶ አንሱት፦ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከላይ፣ በሰፊው አፍ ወደ ውስጥ፣ በመንፊያው በኩል። ሜትር አጠገቡ ዘርግታችሁ አንሱት። ቁመቱንና የሰፊውን አፍ ስፋት ጻፉ። መዝኑትም።

አረንጓዴ ዱቄት የሚመስል ዝገት ካለው በእጃችሁ አትፈርፍሩት፣ አታሽትቱትም። የመዳብ ዝገት ነው፤ ለሳንባም ለሆድም አይሆንም።

2. የሚጮኸው ከንፈር ነው ወይስ ምላስ?

ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ ሠሪው ስም ይሮጣል። እኔ የምለው ሌላ ነው። መጀመሪያ ሥራውን እወቁ። ጡሩምባ ማለት አንድ ሰው ሩቅ ያለን ሌላ ሰው የሚጠራበት ዕቃ ነው። ማን ማንን እንደጠራበት ስታውቁ ስሙ ራሱ ይመጣል።

በመንፊያው በኩል በስልክ መብራት ወደ ውስጥ ተመልከቱ። አንዳንዱ ጡሩምባ ውስጥ ቀጭን የናስ ምላስ አለ፤ እንደ ሃርሞኒካ ምላስ ይንቀጠቀጣል። እንዲህ ያለውን ለመንፋት ከንፈር ማርገብገብ አያስፈልግም። ተራ ትንፋሽ ብቻ በቂ ነው፤ አንድ ድምፅ ይሰጣል፣ ሁሌም ያንኑ። ይህ የሙያ ጡሩምባ ነው። የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች፣ በጭጋግ የሚቀዝፉ ጀልባዎችና የመጀመሪያዎቹ መኪኖች የተጠቀሙበት ዓይነት ነው። ማንም ሰው ሳይለማመድ ሊነፋው መቻል ነበረበት።

እኛ አገር ትንሽዬ፣ ጎበጥ ያለች፣ ባለ ምላስ ጡሩምባ በፈረንሳይኛ ጽሑፍ ካገኛችሁ ባቡርን አስቡ። የጅቡቲ አዲስ አበባን ሐዲድ የዘረጋው የፈረንሳይ ኩባንያ ነው፤ አዲስ አበባ የደረሰውም በ1917 ነው።

ጫፉ ላይ የጎማ ፊኛ ወይም ፊኛው የሚገባበት ቀዳዳና መኪና ላይ የሚታሰርበት እግር ካለው የመኪና ነው። ከእንግሊዞቹ ታዋቂው የበርሚንግሃሙ ሉካስ ነው፤ «ኪንግ ኦፍ ዘ ሮድ» የሚል ጽሑፍና የሞዴል ቁጥር ይኖረዋል። የፊኛው ጎማ ብዙ ጊዜ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ይገኛል። አዲስ ጎማ ስላለው ብቻ ግን ሐሰተኛ ነው አትበሉ፤ ጎማ ይቀየራል። በነገራችን ላይ ክላክስ የምንለው ቃል የመጣው በ1908 አሜሪካ ውስጥ ገበያ ላይ ከዋለው ክላክሰን ከተባለ የመኪና ጡሩምባ ስም ነው። የንግድ ስም ነበር፤ ዛሬ የሁሉም ሆኗል።

ውስጡ ምላስ ከሌለው፣ መንፊያው እንደ ሲኒ ወይም እንደ ማንቆርቆሪያ ጎድጎድ ካለ፣ የከንፈር ጡሩምባ ነው። ሀብታሙ ቤተሰብ ይህ ነው። ከዚህ በኋላ የምጽፈው በአብዛኛው ስለሱ ነው።

3. ብረቱን ለዩ

ማግኔት አስጠጉ። ናስም መዳብም ማግኔት አይዝም። ገላው ላይ ከያዘ ናስ የተቀባ ብረት ነው፤ ጌጥ ይሆናል።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ማግኔቱ ገላው ላይ ሳይዝ በሰፊው አፍ ጠርዝ ላይ ብቻ ሊይዝ ይችላል። ይህ ጉድለት አይደለም። የድሮ ሠሪዎች ጠርዙን የሚጠቀልሉት በብረት ሽቦ ላይ ነበር፤ እንዳይጣመም። እንዲያውም ጥሩ ምልክት ነው።

ቀጥሎ ቀለሙን እዩ። ናስ መዳብና ዚንክ ነው፤ ቢጫ ይላል። ንጹህ መዳብ ወደ ቀይ ያደላል። ጊዜ ካጠቆረው መለየት ያስቸግራል፤ ስለዚህ እጅ ሁልጊዜ የሚነካውን፣ በራሱ የተወለወለውን ቦታ ፈልጉ። እዚያ ትክክለኛው ቀለም ይታያል። ሁለት ቀለም ካያችሁ፣ ማለትም ገላው ቀይ ሆኖ በሰፊው አፍ ዙሪያ ቢጫ መታጠቂያ ካለው፣ ይህን በደንብ ጻፉ። ቀጥሎ እንፈልገዋለን።

4. ቅርጹ

ቀጥ ያለ ነው ወይስ የተጠማዘዘ? ስንት ጊዜ ዞሯል? ቱቦው ከመንፊያው ጀምሮ እየሰፋ ይሄዳል ወይስ ለረጅም ርቀት እኩል ሆኖ መጨረሻ ላይ ብቻ ይሰፋል? የመጨረሻውን በዓይን አትመኑት። ክር ወስዳችሁ ቱቦውን በሦስት ቦታ ዙሩትና ለኩ።

እየሰፋ የሚሄደው በተለምዶ የእግረኛ ጦር ጡሩምባ ነው። እኩል የሚሄደው ወደ ትራምፔት ይቀርባል፤ ፈረሰኞች የያዙት እንዲህ ያለውን ነበር።

ሁለት ጊዜ የተጠማዘዘ፣ አጠር ደልደል ያለ፣ ገላው መዳብ፣ ጠርዙ ላይ የናስ መታጠቂያ ያለው ከሆነ የእንግሊዝ ጦር ጡሩምባ መሆኑን ጠርጥሩ። ቁመቱ 28 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የእንግሊዝ ጦር በነበረበት አገር ሁሉ ይገኛል፤ ሕንድ፣ ኬንያ፣ ሱዳን፣ እኛም ጋ። እንግሊዞች በ1941 ከአርበኞቹ ጋር ጣሊያንን አስወጡ፤ ወታደራዊ ልዑካቸውም እስከ 1951 ድረስ እዚህ ቆይቶ ጦር አሠልጥኗል።

ረዘም ቀጠን ያለ፣ ሙሉ ናስ የሆነው ደግሞ ሁለት አገር ይጠራል። የፈረንሳዩ ክለሮን በ1822 የተወሰነ ቅርጽ ነው፤ ብዙም አልተለወጠም። የአሜሪካኑ በ1892 የወጣ ሞዴል ሲሆን ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ተንሸራታች ቱቦ አለው። ያንን ተንሸራታች ካያችሁ ወደ አሜሪካ አዘንብሉ። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የወታደራዊ ዕርዳታ ስምምነት የተፈራረመችው በ1953 ነው፤ ዕቃው በምን በኩል እንደሚመጣ ለመገመት ይረዳል።

የጣሊያኑን ላለመርሳት፦ በሩጫ እየነፉ የሚሰለፉት፣ ባርኔጣቸው ላይ ላባ ያለው፣ በርሳሊየሪ የተባሉት ወታደሮች በ1836 የተመሠረቱ ናቸው። ጣሊያን ከ1936 እስከ 1941 እዚህ ስለነበረ የጣሊያን ጡሩምባ እኛ አገር ቢገኝ አይገርምም። እሱን ከሌላው የሚለየው ቅርጹ ሳይሆን ጽሑፉ ነው፤ ወደሱ እንመጣለን።

ወታደር ያልሆኑት ደግሞ አሉ።

ትልቅ ክብ፣ ትከሻ ላይ የሚጠለቅ ከሆነ የፈረንሳይ የአደን ጡሩምባ ነው። ቱቦው ቢዘረጋ 4 ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። አነፋፉ በ2020 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገብቷል፤ ፈረንሳይ፣ ቤልጂየም፣ ሉክሰምበርግና ጣሊያን በጋራ ነው ያስመዘገቡት። ትንሽ ክብ ሆኖ ገላው በአረንጓዴ ቆዳ የተጠቀለለ ከሆነ የጀርመን አዳኞች ነው፤ ፉርስት ፕሌስ ይሉታል፣ በአንድ መስፍን ስም። አንድ ስንዝር የምትሆን ቀጥ ያለች መዳብ ከሆነች በውሻ ሲታደን የምትነፋ የእንግሊዝ ጡሩምባ ናት። አንድ ሜትር አካባቢ የሆነ ቀጥ ያለ ረጅም ከሆነ ደግሞ በፈረስ የሚጎተት የመንገደኛ ሠረገላ ጡሩምባ ነው። የዚህ የመጨረሻው ቅጂ በጣም ብዙ ነው፤ በእንግሊዝ መጠጥ ቤቶች ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው አብዛኛው ለጌጥ የተሠራ ነው።

5. ድምፁን ለኩ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን ከሁሉም ደስ የሚለኝ ነው።

በቅድሚያ መንፊያው ከወጣ አውጡትና ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና እጠቡት። አልወጣም ካለ በፒንሳ አትታገሉት፤ ቱቦው ይጣመማል። ብየዳው ውስጥ እርሳስ ሊኖር ስለሚችል ከነፋችሁ በኋላ አፋችሁን ተጉመጥመጡ። ልጆች አይንፉት።

ሰዓቱንም አስቡበት። እኔ ቅዳሜ ጠዋት ግቢ ውስጥ ነፋሁት። ሁለተኛውን ድምፅ ሳልጨርስ ጎረቤታችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከበራቸው ወጡ። «ማን ነው?» አሉኝ። የእድር ጡሩምባ መስሏቸው ነው። ፊታቸውን አልረሳውም። ይቅርታ ጠይቄ፣ ቡና አብረን ጠጥተን ነው ልባቸው የተመለሰው። ስለዚህ ጡሩምባ ስትሞክሩ ቤት ውስጥ፣ በቀን፣ ለጎረቤት ተናግራችሁ ይሁን።

አነፋፉ እንዲህ ነው። ከንፈራችሁን ገጠም አድርጋችሁ «ብርርር» እያላችሁ አርገብግቡት። ከዚያ መንፊያውን አስጠጉ። ስልካችሁ ላይ የጊታር መቃኛ አፕ ክፈቱ። ቁልፍና ቀዳዳ የሌለው ጡሩምባ የፈለጋችሁትን ድምፅ አይሰጥም። የቱቦው ርዝመት የወሰናቸውን ብቻ ነው የሚሰጠው፤ በወታደር ጡሩምባ ላይ የሚሠራባቸው አምስት ናቸው። መቀስቀሻውም፣ የምግቡም፣ የመኝታውም ጥሪ በነዚህ አምስት ድምፆች ነው የተሠራው።

ለጀማሪ ቀድመው የሚወጡት የታችኞቹ ናቸው። አፑ 233፣ 349 እና 466 ኸርዝ አካባቢ ካሳየ፣ ማለትም በሙዚቃ ኖታ ስም ቢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ቢ ፍላት፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ የእግረኛ ጡሩምባ ድምፅ ነው። 294 እና 392 አካባቢ ካሳየ፣ ማለትም ዲ እና ጂ፣ አሜሪካዊ መሆኑ ይጠረጠራል። አንድ ሁለት በመቶ ከፍ ዝቅ ቢል አትጨነቁ። ቀዝቃዛ ጡሩምባ ዝቅ ይላል፤ ትንፋሽ ሲያሞቀው ይነሳል።

መንፋት አቃታችሁ? ክሩን ከመንፊያው ጀምሮ በቱቦው ላይ እያስጠጋችሁ እስከ ሰፊው አፍ ጠርዝ ውሰዱትና ክሩን ለኩ። 1.4 ሜትር ገደማ ከሆነ ቢ ፍላት፣ ከ1.5 ሜትር በላይ ከሆነ ጂ ጋ ይጠጋል። ቱቦው በረዘመ ቁጥር ድምፁ ይወፍራል።

አንድ ሌላ ነገርም ድምፁ ይነግራችኋል። ለጌጥ የተሠራ ቅጂ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ድምፅ አጥርቶ አይሰጥም። ወይ ያፏጫል፣ ወይ ይተናነቃል። እውነተኛው አሮጌ፣ ተጨማዶም ቢሆን፣ ድምፆቹን በቦታቸው ያስቀምጣል። ሰው እንዲነፋው ተሠርቷልና።

6. ማህተሙን አስነብቡት

መብራት አጥፉ። የስልኩን ባትሪ አብርታችሁ ከጎን፣ ከብረቱ ጋር ሊጋደም ሲል አስጠጉት። ከፊት ለፊት ሲበራ የማይታየው ጽሑፍ ጥላ ጥሎ ይነሳል። ቀስ ብላችሁ ዙሩት። የምትፈልጉባቸው ቦታዎች፦ የሰፊው አፍ ውጫዊ ገላ፣ የጠርዙ መታጠቂያ፣ የመንፊያው አንገት፣ ገመድ የሚያያዝባቸው ቀለበቶች ሥር። ደብዛዛ ከሆነ ስስ ወረቀት አስተኝታችሁ በእርሳስ ጎን ቀስ ብላችሁ አሹበት። ልጆች ሆነን ሳንቲም እንደምናትም ማለት ነው።

ስም ካገኛችሁ አብዛኛውን ጊዜ ዘመን አገኛችሁ ማለት ነው። ቡዚ ኤንድ ሆክስ የሚል ካለ ከ1930 ወዲህ ነው፤ ቡዚ እና ሆክስ የሚባሉት ሁለት የለንደን ድርጅቶች የተዋሃዱት በዚያ ዓመት ነውና። ሆክስ ኤንድ ሰን ብቻ ከሆነ ደግሞ ከዚያ በፊት ነው። ሄንሪ ፖተር የሚለውም የለንደን የጦር ጡሩምባ ሠሪ ነው። ኩዌኖን የፓሪስ ነው፤ ብዙ ጊዜ ዓመቱን አብሮ ስለሚያትም ሥራችሁን ያቀልላችኋል። ማይኖ ኤ ኦርሲ የሚላኖ፣ ራምፖኔ ኤ ካዛኒ የኳርና፣ ሁለቱም ጣሊያን ናቸው።

የከተማ ስም ከሠሪው ስም በላይ የሚናገርበት ጊዜ አለ። ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ያለች ክራስሊትሴ የምትባል የሙዚቃ መሣሪያ ከተማ አለች። በጀርመንኛ ስሟ ግራስሊትዝ ነበር። ጡሩምባው ላይ ግራስሊትዝ ካለ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በፊት ነው። አማቲ ክራስሊትሴ ካለ ከ1945 በኋላ ነው። ቼኮዝሎቫኪያ ካለ ከ1918 ቀድሞ ሊሆን አይችልም። ምዕራብ ጀርመን ካለ ከ1949 እስከ 1990 ነው። በሩስያ ፊደል ሌኒንግራድ ካለ ከ1924 እስከ 1991 ነው፤ የሶቪየት ዕቃ ላይ ዋጋው በሩብል ተቀርጾ ብታገኙም አትደነቁ፣ እዚያ የተለመደ ነበር።

አሁን ወደ ቀስቱ። የእንግሊዝ መንግሥት ንብረቱ ላይ የሚመታው ቀስት የሚባል ምልክት አለ፤ ከአንድ ነጥብ የሚነሱ ሦስት መስመሮች፣ የዶሮ ዱካ የሚመስሉ። እሱ ካለ ዕቃው የመንግሥት ነበር። ሁለት ዱካዎች ጫፍ ለጫፍ ተገናኝተው ካያችሁ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው፦ መንግሥት አውጥቶ ሸጦታል፣ ከዚህ በኋላ የያዘው ሰው ሌባ አይደለም ማለት ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ስድስት ጨረር ያለው ኮከብ ይመስላሉ። የኔ ጡሩምባ ላይ ለሁለት ሳምንት ኮከብ ነው ብዬ ስፈልግ ኖሬያለሁ። በማጉያ መነጽር ሳየው ነው መስመሮቹ ከመሃል በሁለት ምት እንደተመቱ የገባኝ፤ አንደኛው ዱካ ከሌላው ትንሽ ጠለቅ ይላል።

7. አርጅቶ ነው ወይስ አርጅ ተብሎ?

በሕንድ ሞራዳባድ የናስ ከተማ ትባላለች። ሚሩት ደግሞ የማርሽ ባንድ መሣሪያ ይሠራባታል። በፓኪስታን ሲያልኮት ጡሩምባ ሠሪዎች አሉ። እነዚህ ከተሞች ለሠርግና ለሰልፍ የሚነፉ ደህና መሣሪያዎች ይሠራሉ። ግን ከነዚህ አካባቢዎች ለጌጥ ብቻ የተሠራ፣ ያረጀ የሚያስመስል ብዙ ዕቃም ወደ ዓለም ይወጣል። ችግሩ ዕቃው አይደለም። ችግሩ ሻጩ «የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው» ሲል ነው።

እኔ መጀመሪያ የማየው ቀለበቶቹን ነው። በጡሩምባው ጎን ገመድ ወይም ሰንሰለት የሚያልፍባቸው ሁለት ትንንሽ ቀለበቶች አሉ። ለዓመታት የተሸከሙት ከሆነ ቀለበቱ በአንድ በኩል ከውስጥ ተበልቷል፤ ክብነቱ ጠፍቶ የእንባ ጠብታ መስሏል። ይህን አስመስሎ መሥራት አድካሚ ነው፣ ማንም አይደክምበትም። ቀጥሎ እጅ የሚይዝበትን ቦታ እዩ። እዚያ ብረቱ ለስልሶ፣ የጽሑፉ ጠርዝ ደክሞ መታየት አለበት። አርጅ ተብሎ በኬሚካል የጠቆረ ግን የእጅ ቦታውም፣ ስርጉዱም፣ ጠርዙም እኩል ጠቁሮ ይገኛል። ጊዜ እንዲህ እኩል አይሠራም።

በሰፊው አፍ ወደ ውስጥ በመብራት ተመልከቱ። በጥንቃቄ ካያችሁ ከጠርዙ ወደ ውስጥ የሚሄድ ትንሽ ቀለሙ የተለየ መስመር ሊኖር ይችላል። ሉሁ ተጠቅልሎ የተበየደበት ነው። መስመሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ከሆነ በእጅ የተቀጠቀጠ ነው፤ የድሮ አሠራር። መስመር አለመኖሩ ግን ሐሰተኛ አያደርገውም፤ በማሽን የተሳበ ቱቦ መስመር የለውም።

መንፊያው ከቱቦው ጋር በአንድ ላይ ተበይዶ የማይወጣ ከሆነ ጌጥ መሆኑን ጠርጥሩ። ብየዳው ተንጠባጥቦ ከቀረ፣ ሉሁ በጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ ስስ ከሆነ፣ ጥርጣሬው ይጨምራል። ትልቅ ታዋቂ ስም፣ ታዋቂ ጦር ክፍል ወይም የታዋቂ መርከብ ስም በጉልህ ከተጻፈበት ደግሞ ዋጋ ከመክፈላችሁ በፊት ቁሙ። ቲታኒክ የሚል የናስ ዕቃ በየገበያው አለ። እውነተኛ የጦር ዕቃ ማህተሙ ትንሽና ደረቅ ነው፤ የመዝገብ ቤት ሰው ለራሱ የመታው ስለሆነ።

8. በአማርኛ የተጻፈውን አትለፉ

ውጭ አገር የተጻፈ መመሪያ ይህን አይነግራችሁም። እዚህ አገር የኖረ ጡሩምባ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ሕይወት ኖሯል። የጦር ሠፈር የነበረው የእድር ሆኗል። ጎህ ሲቀድ ጡሩምባ ነፊው በየመንገዱ እየነፋ እነ እገሌ ቤት ለቅሶ እንዳለ ይናገርበታል። ዛሬ በብዙ ሰፈር ስልክና ድምፅ ማጉያ ተክቶታል። ለዚህ ነው ጡሩምባው ቆራሌው ማዳበሪያ ውስጥ የሚገኘው።

እድር ንብረቱ ላይ ምልክት ያደርጋል። ድስቱም፣ ወንበሩም፣ ድንኳኑም ላይ እንዳለው ማለት ነው። በሚስማር የተጫረ የፊደል ምህፃረ ቃል፣ የቀበሌ ቁጥር፣ ዓመት ፈልጉ። የግዕዝ ቁጥርም ሊሆን ይችላል፤ ፲፱፻ን የሚመስል ነገር ካያችሁ ፎቶውን አጉሉት።

ዓመት ስታገኙ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁ። እኔ እዚህ ላይ ነው የወደቅኩት። ሎሚው አጠገብ ያየሁት ቁጥር 1942 ነበር። ጡሩምባው እንግሊዛዊ፣ ዓመቱ 1942፤ የጦርነቱ ጊዜ ነው ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ። በኋላ ባትሪውን ከጎን ሳበራ ከቁጥሩ ቀኝ ሁለት ፊደል ተነሳ። ዓ እና ም። 1942 ዓ.ም. ማለት ነው፤ በአውሮፓው 1949 መጨረሻ ወይም 1950።

ፊደሉ ባይኖርም ኖሮ የሚለይበት መንገድ ነበር። ፋብሪካ ወይም ጦር ቁጥር የሚመታው በማህተም ነው፤ ሁሉም ቁጥር እኩል ጥልቀት፣ እኩል ቁመት አለው። የኔው ግን በእጅ የተጫረ ነው። 9ኙ ሁለት ጊዜ ተሞክሮ ነው የተሳካው፣ የ4ቱ እግር መስመር ስቶ ወደ ታች ሸርተት ብሏል። ሚስማር የያዘ ሰው እጅ ነው።

መለከት ወይም እምቢልታ የሚመስል ካገኛችሁ፣ ረጅም ቀጥ ያለ፣ ቆዳ የለበሰ ወይም ከመቃ የተሠራ ከሆነ፣ ከዚህ መመሪያ ውጪ ነው። በነገሥታቱና በመኳንንቱ ፊት ይነፋ የነበረ ዕቃ ስለሆነ ወደ ሙዚየም ባለሙያ ውሰዱት። ቅርስ ሊሆን የሚችል ማንኛውንም ዕቃ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ለዘመድ ስጦታ ብላችሁ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱት።

9. አሁን ማጽዳት ይቻላል

ሁሉንም ከጻፋችሁና ፎቶ ካነሳችሁ በኋላ ለብ ባለ ውሃ፣ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙናና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ በቂ ነው። ውስጡን በውሃ አለቅልቁት፣ ገልብጣችሁ አንጠባጥቡት፣ በጨርቅ አድርቁት። ስርጉዱን በመዶሻ አታቃኑ፤ የድሮ ናስ ይሰነጠቃል። ገላው ላይ ሮዝ ነጠብጣብ ካያችሁ ዚንኩ ከናሱ እየወጣ ነው፣ ብረቱ እዚያ ደክሟል ማለት ነው፤ አትጫኑት።

በመጨረሻ ካርቶን ቆርጣችሁ ያገኛችሁትን ጻፉና በክር ቀለበቱ ላይ እሰሩት። ያያችሁትን ከገመታችሁት ለዩ። ነገ ልጆቻችሁ ወይም ሌላ ቆራሌው ሲያገኘው ከዜሮ እንዳይጀምር። የኔው ካርቶን ላይ ያለው ይህ ነው፦

«የጦር ጡሩምባ። ገላው መዳብ፣ የጠርዙ መታጠቂያ ናስ፣ ጠርዙ ውስጥ የብረት ሽቦ አለ። ሁለት ዙር፣ ቁመቱ 28 ሴ.ሜ.። ድምፁ ቢ ፍላት። ማህተም፦ ቡዚ ኤንድ ሆክስ፣ ለንደን፤ ስለዚህ ከ1930 እ.ኤ.አ. ወዲህ። ሁለት ቀስት ጫፍ ለጫፍ፤ ከእንግሊዝ መንግሥት ንብረትነት ተሽጦ የወጣ። በግራ ጎኑ በእጅ የተጫረ 1942 ዓ.ም.። የግራው ቀለበት ተበልቷል። ግምት፦ የእድር የነበረ። ከቆራሌው የተገዛ። ከቁጥሩ አጠገብ ያለችው የበራች ቦታ የሎሚ ናት፣ የኔ ጥፋት።»